የጋሽ ፋንታ ጣሳ

በየሰፈሩ ዩኒቨርሲቲ ያላስመረቀው አንድ ሐኪም አለ። የእኛ ሰፈር ሊቀ ሐኪም ክቡር ጋሽ ፋንታ ናቸው።

ለማስተማር ተመድቤ ሞጣ በመጣሁ በሳምንቴ ነው ያወቅኋቸው። ሳስነጥስ በአጥር በኩል ሰሙኝና «ጀርም ነው! እንዳትንቀው!» እያሉ ጣሳቸውን ይዘው ከተፍ አሉ። ድሮ የዱቄት ወተት የነበረበት ጣሳ፣ አሁን ከየት እንደመጣ በማይታወቅ ካፕሱል ተሞልቷል። ቀዩ ለጉሮሮ፣ ቢጫው ለወገብ፣ ባለሁለት ቀለሙ «ለማይታወቅ በሽታ»። ዶሯቸው ስታንቀላፋ እንኳ አንዱን ፈልቅቀው ውኃዋ ውስጥ በትነዋል። ዶሮዋ ዳነች፤ ከዚያ ወዲያ ማን ይከራከራቸዋል?

እኔም ለጉንፋኔ ሦስት ቀን ዋጥሁ። ጉንፋኑ በራሱ ጊዜ ሄደ፤ ሆዴ ግን ዐሥር ቀን ሙሉ አላስቆም አላስቀምጥ አለኝ። ጠመኔ እንደያዝሁ ስሮጥ ተማሪዎቼ መንገድ መልቀቅ ለመዱ።

ጤና ጣቢያ ስሄድ ነርስ ምሥራቅ ሳቋን ዋጥ አድርጋ፣ «መምህር፣ ሆድዎ ውስጥ የሚጠቅሙ ባክቴሪያዎችም አሉ። ምግብ ያብላላሉ፤ ለመጥፎዎቹም ቦታ አይሰጡም። ይኼ የዋጡት ባክቴሪያ ገዳይ መድኃኒት ጉንፋኑን ሳይነካ እነሱን ነው የፈጀብዎ» አለችኝ።

ልወቅሳቸው ተናድጄ ሄድሁ። ጋሽ ፋንታ በትኩሳት ተኝተው ያቃስታሉ። የሳንባ ምች ነው ተብለው የሰባት ቀን መድኃኒት ታዞላቸው ነበር። ሁለት ቀን ውጠው ሻል ሲላቸው የቀረውን ጣሳው ውስጥ ከተቱት፤ በሽታው ተመለሰ።

«ለምን አልጨረሱትም፣ ጋሼ?»

«እኔ ከጨረስሁት ሰው ሲያመው ምን ልሰጠው ነው፣ ልጄ?»

ቁጣዬ እዚያው ቀረ። ለካ ጣሳውን የሚሞሉት ከገዛ መድኃኒታቸው ላይ እየቀነሱ ኖሯል። ምሥራቅ ያለችኝን ስነግራቸው ግድግዳውን እያዩ፣ «እስከ ዛሬ ስንቱን ደግ ነገር አስፈጀሁ?» አሉ። ይህን ሲሉ ከሆዴ ቁርጠት በላይ አመመኝ።

በባጃጅ ጤና ጣቢያ ወሰድኋቸው። መድኃኒቱን እንደገና ከአንድ አስጀመሯቸው፤ እሳቸውም የጣሳውን ጓዝ አስረከቡ። በየማለዳው ወደ ክፍል ከመግባቴ በፊት እስኪውጡ አጠገባቸው እቀመጣለሁ። የመጨረሻዋን ካፕሱል መዳፋቸው ላይ አድርገው ብዙ አዩዋት። ከዚያ ዋጧት።

ጾሙ በተፈታ ሳምንት አስነጠስሁ። አጥሩ ተንኳኳ፤ ጋሽ ፋንታ ያንኑ ጣሳ ይዘው ቆመዋል። ክዳኑን ሲከፍቱት እርጎ ነው።

«ለእነዚያ ለደጋጎቹ ነው» አሉኝ። «ደግሞ ግማሹን እንዳታስቀር!»

እስክጨርስም አጠገቤ ቁጭ ብለው ጠበቁኝ።