የኩባንያውን ዕዳ «በኔ ይሁን» ያልኩ ለታ

አንድ ነገር ልጠይቃችሁ። በጣም ጥሩ መንገድ ላይ ስትሄዱ አትፈሩም? እኔ እፈራለሁ። ጉድጓድ ያለበት መንገድ ምን እንደሚያደርገኝ አውቃለሁ፤ ቢበዛ እግሬን ይሰብረኛል። ልሙጥ የሆነ፣ ግራና ቀኙ ዛፍ የተተከለበት፣ መብራቱ ገና ሳይመሽ የሚበራ መንገድ ግን ምን ፈልጎ ነው እንዲህ የሚያምረው? ሰው እንኳ ያለምክንያት ሲስቅልኝ ኪሴን የምዳብስ ሰው ነኝ።

የፍርሃቴን ነገር ካነሳሁ አይቀር ልጨርሰው። በር ቆልፌ ከወጣሁ በኋላ መቆለፉን ለማረጋገጥ እመለሳለሁ። ለማረጋገጥ ደግሞ መክፈት አለብኝ። ከከፈትኩት መቆለፍ አለብኝ፤ ከቆለፍኩት ማረጋገጥ አለብኝ። ልጄ አስቴር «አባዬ፣ ዎሪ ማድረግ ሥራ ቢሆን ኖሮ እርስዎ ኦቨርታይም ይከፈልዎት ነበር» ትለኛለች። ምን ላድርግ? ትምህርቴ ስድስተኛ ክፍል ላይ ቆመ፤ ከዚያ በኋላ ዕድሜዬን የጨረስኩት የመንግሥት መጋዘን ስጠብቅ ነው። መጋዘን የሚጠብቅ ሰው ካልጠረጠረ ምን ይሠራል?

እንግዲህ ይኸው ፈሪ ሰው ነው ሳን ሆዜ ዳርቻ፣ በአንድ አዳራሽ ሰው ፊት ብድግ ብሎ የአንድ ትልቅ ኩባንያ ዕዳ በኔ ይሁን ያለው። ቆዩ፣ ከሥሩ ልጀምረው።

አስቴር ማውንቴን ቪው የሚሉት ከተማ፣ አንድ የአዛውንቶች መጦሪያ ውስጥ ነርስ ናት። ቅዳሜና እሑድ ሌላ ሥራ አላት። ቤቱን የገዛችው እንዲህ ስትሮጥ ኖራ ነው። የተፈራረመች ቀን እኔንም ይዛኝ ሄደች። ፈገግታዋ የማያልቅ አንዲት ሴት ወረቀት ስትደረድር፣ አስቴር «እዚህ ጋ ሳይን ያድርጉ አባዬ፣ እዚህም ጋ» አለችኝ። እኔም በረጅሙ ፈረምኩ። ፊርማዬ ያምራል፤ ጭራ አለው። ሁሉን ብጠረጥርም ልጄን አልጠረጥርም። ደግሞስ ቤት ሲገዛ አባት ይመርቅ የለ? ይህ የፈረንጅ ምርቃት ይሆናል ብዬ አለፍኩት። ሴትዮዋም በጭራው ተደንቃ ነው መሰለኝ እስክሪብቶውን ሸለመችኝ። እስከ ዛሬ ደረት ኪሴ ውስጥ አለ።

ሰፈሩን የቆረቆረው ኩባንያ ነው። ፋብሪካውን ከታች፣ ቤቶቹን ከላይ ሠራ። ሲመጣ መንገድ የለም፣ የፍሳሽ ቦይ የለም፣ መብራት የለም። ታዲያ ከራሱ ኪስ ማውጣት አላሰኘውም። ሕጉ ይፈቅዳልና ፋብሪካውንና ቤቶቹን አንድ ላይ ከልሎ «ዲስትሪክት» የሚሉትን ነገር አቋቋመ። እኔ የገባኝ እንደ እድር አድርጌ ነው። እድሩ በራሱ ስም ተበደረ። በብድሩ መንገዱን፣ ቦዩን፣ ያንን የሚያስፈራኝን መብራት ሠራ። ከዚያ በክልሉ ውስጥ ካለ ሁሉ በያመቱ ልዩ ታክስ እየሰበሰበ ብድሩን ይከፍላል። ትልቁን ድርሻ የሚከፍለው ፋብሪካው ነው፤ የእድሩም ዳኛ እሱው ነው። እስከዚህ ድረስ ማንም አልተጣላም።

በኋላ ኩባንያው ወደ ሌላ ስቴት ልሄድ ነው አለ። ዲስትሪክቱም ይፈርሳል ተባለ። ዕዳውስ? የሚያውቅ ጠፋ። ጎረቤቱ ሁሉ፣ ኩባንያው ከሄደ ድርሻው በኛ ላይ ይዞራል ይል ጀመር። አስቴር እራት ላይ «ከዞረማ ቤቱን እሸጣለሁ እንጂ አልችለውም» አለች። እንደ ቀልድ ነው ያለችው። ግን ማንኪያዋን አስቀምጣ ነው። ልጄ ማንኪያ አስቀምጣ የተናገረችው ነገር ቀልድ ሆኖ አያውቅም።

እኔ ደግሞ ይህን በሽታ ከዚህ በፊት ታምሜዋለሁ። አዲስ አበባ ሳለሁ የሰፈራችን እድር ድንኳን በዱቤ አሰፋ። ዕዳው ሳያልቅ አባላቱ ተጣሉ። በምን ብትሉኝ በንፍሮ ጨው። እድሩ ፈረሰ። አንዱ ድስት ወሰደ፣ አንዱ አግዳሚ ወንበር ወሰደ፣ ሸራውን ማን እንደወሰደው እግዜር ይወቅ። የድንኳኑ ቋሚ እንጨት ረጅም ስለሆነ ግቢው ሰፋ ያለ ሰው ያስቀምጠው ተባለ። የኔ ግቢ ሰፊ ነበር። ድንኳኑን የሰፋው ሰው ገንዘቡን ፍለጋ ቤት ለቤት ዞረ፤ ስለ እድር ሰምቶ የሚያውቅ ሰው አጣ። በመጨረሻ በአጥሬ ላይ ቋሚው ብቅ ብሎ ታየው። «ቋሚው ካለበት ዕዳው አለ» ብሎኝ በሬ ላይ ተቀመጠ። ከፈልኩ። ሚስቴ፣ ነፍሷን ይማረውና፣ በዚያ እንጨት የዶሮ ቤት አሠራችበት። እንግዳ በመጣ ቁጥር «በአገሩ ከሁሉ ውድ የሆነውን የዶሮ ቤት ልታዩ ትፈልጋላችሁ?» ትል ነበር።

የዲስትሪክቱ ስብሰባ ሲጠራ አስቴር ሥራ ገቢ ነበረች። «አባዬ፣ ጀስት ቁጭ ብለው ይስሙልኝ። ምንም እንዳይናገሩ» አለችኝ። እኔን ነው አትናገር የምትለው? አውቶቡስ ላይ እንኳ መውረጃዬ ሲደርስ የማልናገር ሰውዬ!

ስብሰባው የትምህርት ቤት ካፍቴሪያ ውስጥ ነበር። ኋላ ተቀመጥኩ። የሰማሁትን ያህል ሰማሁ፤ ከእንግሊዝኛው ግማሹ ጆሮዬ ውስጥ ሳይገባ ጣሪያው ላይ ቀረ። ከዚያ ጎረቤታችን ዶሮቲ ተነሳች። ባሏ የሞተባት፣ በአጥር ላይ ሎሚ የምታቀብለኝ ደግ አሮጊት ናት። ወደ ኩባንያው ጠበቃ ዞራ፣ እኔ እንደተረዳሁት፣ ውሃውን ጠጥታችሁ እንስራውን ልትሰብሩብን ነው ወይ አለችው። ጠበቃው ክራቫት ያነቀው ወጣት ነው። ሰዓትዎ አልቋል አላት። እሷ ጮኸች። እሱ ጮኸ። አዳራሹ ሙሉ ሰው ተቀምጦ ያያል፤ ገላጋይ የለም!

በኛ አገር ሁለት ሰው ሲጣላ ሽማግሌ ዝም ብሎ ያያል? ባርኔጣውን አውልቆ መሃል ይገባል። «ተዉ፣ በኔ ይሁን» ይላል። ቂሙንም በደሉንም በኔ ላይ ጣሉት፣ እናንተ ተፋቀሩ ማለት ነው። እኔ ስንቱን ባልና ሚስት፣ ስንቱን የአጥር ጠብ በዚህ ቃል አብርጃለሁ። እስከ ዛሬ ማንም «በል እንግዲህ ክፈል» ብሎኝ አያውቅም።

እግሬ ራሱ ተነሳ። ሳይጠሩት አቤት፣ ሳይልኩት ወዴት ማለት ይኸ ነው። ባርኔጣዬን አውልቄ መሃላቸው ቆምኩና ባለኝ እንግሊዝኛ፣ እባካችሁ ሰላም ይሁን፣ እኔ ላይ ጣሉት፣ እኔ እወስደዋለሁ አልኩ። ሰብሳቢው መነጽሩን ዝቅ አድርጎ፣ ዕዳውን ነው ወይ የሚወስዱት አለኝ። እዚህ ላይ ወደ ኋላ ማለት ነበረብኝ። ግን «በኔ ይሁን» ብሎ ስንት ነው ብሎ የሚጠይቅ ሽማግሌ የት አይታችኋል? ሁሉንም አልኩ። ሰው አጨበጨበ። ዶሮቲ አቀፈችኝ። ጠበቃው እንኳ ሳቀ። ሰብሳቢው ስምና አድራሻ ጠየቀኝ፤ በላቸው እባላለሁ ብዬ አድራሻዬንም ነገርኩት። አንዲት ልጅ ቀጭ ቀጭ አድርጋ ጻፈችው።

ደረቴን ነፍቼ ወጣሁ። ጭብጨባ ደግሞ አይጠላም። ግማሽ መንገድ ስደርስ ነው ደረቴ የተነፈሰው። ስምና አድራሻ? እርቅ ላይ ስምና አድራሻ ምን ያደርጋል? ከአፍ ከወጣ አፋፍ። የሰው ዕዳ ያውም በፈረንጅ ፊት፣ ያውም በጽሑፍ!

አስቴር ስብሰባው እንዴት ነበር ስትለኝ «ሞቅ ያለ ነበር» ብቻ አልኳት። ከዚያ ወዲያ የኔን ኑሮ ተዉት። ከመታጠቢያ ቤት ስወጣ መብራት ማጥፋት ብቻ አይደለም፣ ስገባም ማብራት ተውኩ። የበሩ ደወል ሲጮህ መጋረጃ ኋላ እቆማለሁ። ሻይ በስኳር ተውኩ፤ ያንን የሚያህል ዕዳ በስኳር ቁጠባ የምከፍል ይመስል። የምፈራው ለራሴ አልነበረም። እኔን ፈልገው ሲመጡ የሚያገኙት የአስቴርን ቤት ነው። ያ ሁሉ ዓመት የሮጠችበት ቤት በኔ አፍ ሊሄድ ነው።

ጭንቄን ይዤ በአውቶቡስ እስከ ፍሪሞንት፣ ከዚያ በባቡር ኦክላንድ ወረድኩ። እዚያ ሐጂ ዑስማን አለ። ኤርትራዊ ነው፤ ድሮ መርካቶ ጎረቤቴ ነበር፤ ዛሬ ትንሽ ሱቅ አለው። ስነግረው የሚመዝነውን ምስር ትቶ አየኝ።

«ስንት ነው ዕዳው?»

«ሚሊዮን ነው የሚሉት።»

«ስንት ሚሊዮን?»

«ሐጂ፣ ከአንዱ ካለፈ በኋላ ለኔ ምን ልዩነት አለው?»

ሳቀ። ጺሙን ይዞ ሳቀ። «አንተ በላቸው! መርካቶ ሳለን አንዲት ሲጋራ አላበድርም ብለህ ጓደኛህን ያስቀየምክ ሰውዬ!»

እኔም ተናደድኩና፣ ለመሆኑ እናንተ ስትገነጠሉ ዕዳውን ማን ወሰደ አልኩት። እሱ መቼ ቃል ያጣል? «እኛ ወደቡን ወሰድን። ዕዳውን ደህና አርጋችሁ ያዙ ብለን ለናንተ ተውን» አለኝ። ከዚያ ግን ሳቁን ዋጥ አደረገና መከረኝ። ሳን ሊያንድሮ የወንድሙ ልጅ አፓርታማ አለው፤ እዚያ ክፍል ይሰጠኛል። አድራሻዬ ከአስቴር ቤት ከወጣ ቤቱን አይነኩትም አለኝ። ሐጂ ሕግ አያውቅም። እኔም አላውቅም። ግን የጨነቀው እርጉዝ ያገባል፤ እሺ አልኩ።

ሻንጣዬን ስዘጋ አስቴር ደረሰች። ሻንጣው ያለ እሷ እርዳታ ተዘግቶ አያውቅም፤ የዚያን ቀንም እምቢ አለ።

«ወዴት ነው አባዬ?»

«ሳን ሊያንድሮ። አየር ለመለወጥ።»

«ሳን ሊያንድሮ? ለአየር?»

ሁሉንም ነገርኳት። ትስቃለች ብዬ ነበር፤ አልሳቀችም። አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ ብላ ሻንጣውን ከፈተችና ሸሚዞቼን አንድ በአንድ መልሳ መስቀል ጀመረች። «ቤቱ ቢሄድ ከእርስዎ ጋር ነው የሚሄደው። የሚቀጥለው ሚቲንግ ላይ አብረን እንሄዳለን» አለች። ድምጿ ትንሽ ተሰበረ። የኔማ ከመሰበር አልፎ ነበር።

በሁለተኛው ስብሰባ ካውንቲው፣ የአካባቢው መንግሥት ማለት ነው፣ አንዲት ሽበታም የሕግ ሴት ልኮ ነበር። ቀስ ብላ ስለምትናገር ለኔም ይገባኛል፤ ያልገባኝን አስቴር ታንሾካሹክልኛለች። ዲስትሪክቱ ስሙ ይፈርሳል እንጂ ዕዳው አይፈርስም አለች። የሚሰበስበው ሌላ መሥሪያ ቤት ይሆናል እንጂ ታክሱ ይቀጥላል። ዕዳው የታሰረው በኩባንያው ስም አይደለም፣ በመሬቱ ነው። የፋብሪካውን መሬት የያዘ፣ ቢሸጥም የገዛው፣ የፋብሪካውን ድርሻ ይከፍላል። ቤት ያለው ደግሞ እስከ ዛሬ ሲከፍል የኖረውን የቤቱን ድርሻ ይከፍላል። የአንዱ ድርሻ ወደ ሌላው አይዞርም።

አስቴር ዓይኗን ጨፍና ረጅም ትንፋሽ ለቀቀች። እኔ ግን ድንኳን የሰፋው ሰውዬ ትዝ አለኝ። ቋሚው ካለበት ዕዳው አለ! ለካ ሰውዬው ጠበቃ ኖሯል።

እጄን አወጣሁ። እኔስ አልኩ፤ ባለፈው ሁሉንም እወስዳለሁ ያልኩት እኔ ነኝ። ሴትዮዋ ወረቀቷን አገላብጣ ፈገግ አለች። በዲስትሪክቱ ውስጥ መሬት አለዎት ወይ አለችኝ። አስቴር እጅጌዬን ጎተተችኝ፤ በደስታ መሰለኝ። ክንድ መሬት የለኝም፣ ልጄ ጋ ነው የምኖረው አልኩ፣ ኮራ ብዬ። እንግዲያው ምንም የለብዎትም፤ የተናገሩት አስተያየት ተብሎ ተይዟል አለች። አዳራሹ አጨበጨበ። በዚህ አዳራሽ ሁለት ጊዜ የተጨበጨበለት ሰው እኔ ብቻ ነኝ።

ወደ ቤት ስንመለስ መኪናው ውስጥ አፌ አልዘጋ አለ። አየሽ አስቴር፣ እዚያ ከተቀመጠው ሰው ሁሉ ዕዳውን በፈቃዱ የወሰደው እኔ ብቻ ነበርኩ፤ ዕዳ የሌለበትም እኔ ብቻ ሆንኩ። ሰው ደግ ከሆነ እግዜር መንገድ አያጣለትም አልኳት። እስከ ቤታችን መታጠፊያ ድረስ ሰበክሁ። እሷ መሪውን ይዛ መንገዱን ታያለች።

መኪናውን አቁማ ነው የተናገረችው።

«አባዬ፣ ያውቃሉ ብዬ ነበር እኮ። ቤቱ በሁለታችን ስም ነው። ሳይን አድርገዋል።»

«እኔ? መቼ?»

«ሴትየዋ እስክሪብቶ የሰጠችዎት ቀን። የእርስዎ ስም የሌለበት ቤት ቤት አይመስለኝም ነበር።»

እጄ ሳላዘው ደረት ኪሴ ውስጥ ገባ። እስክሪብቶው አለ። ለምርቃት የፈረምኩት መስሎኝ ስኖር፣ ለካ ከጭራው ጋር የታሰርኩት ያኔ ነው። ምን ልበላት? ልቆጣ አስቤ ዓይኔ እንባ ሞላ። አልተቆጣሁም።

አሁን መንገዱን አልፈራውም። ምን ፈልጎ እንዲህ እንደሚያምር አውቄያለሁ፤ እኔን ፈልጎ ነው። መሃል መሃሉን እሄዳለሁ፣ የራሴ ነውና። መብራቱ ገና ሳይመሽ ሲበራ ግን እንጨት ልወረውርበት ይቃጣኛል።

አንድ ነገር ብቻ ልንገራችሁ። በአዳራሽ ሙሉ ሰው ፊት ጮኼ የገባሁበት ዕዳ አስተያየት ሆኖ ቀረ። አፌን ዘግቼ በሚያምር ፊርማ የገባሁበት ግን በያመቱ ይመጣል። ዝም አይነቅዝም ያለው ሰውዬ ቤት ገዝቶ አያውቅም።