ስለ አቶ ሀያቱ መስታወት አያያዝ

ዕቃን ማክበር ትልቅ ሥልጣኔ ነው። በዚህ ረገድ የጎጃም በረንዳው ጅምላ ነጋዴ አቶ ሀያቱ ለአገር አርአያ የሚሆኑ ሰው ናቸው። ሶፋቸው ከነላስቲኩ ነው፤ ሰው ሲቀመጥበት ይንኮሻኮሻል። ፍሪጃቸው ላይ የተለጠፈው የዋጋ ወረቀት እስከ ዛሬ የገዢ ያለህ ይላል። «ላስቲኩ የተላጠ ዕቃ አሮጌ ነው» ሲሉም በጉዳዩ ላይ የማያዳግም ውሳኔ ሰጥተዋል።

እኚህ ሰው ናቸው እንግዲህ ከዱባይ በጋዝ የሚሠራ ባለመስታወት የቤት ማሞቂያ ያስመጡት። ነሐሴ ነው፤ ብርዱ ያንዘፈዝፋል። ማሞቂያው የመጣው ግን ለብርዱ አይደለም። የመሳለሚያው ሐጂ ጃፋር የአቶ ሀያቱን ልጅ ዱንያን ለልጃቸው ለሁዛይፋ ሊጠይቁ ቅዳሜ ይመጣሉ። ሀያቱ ደግሞ ከሐጂ ጃፋር ጋር ለመዛመድ ያልተመኙበት ቀን የለም።

ዱንያ መመሪያውን አነበበች።

«አባዬ፣ ሳይለኮስ በፊት የመስታወቱ ላስቲክ ይላጥ ይላል።»

«የጻፈው ሰውዬ የራሱን ይላጥ። የኔ አዲስ ነው።»

«ደግሞ እንደጋለ አይወለወልም። ጠፍቶ እስኪቀዘቅዝ ይጠበቃል።»

«ታዲያ ሐጂ ጃፋርን በቆሸሸ መስታወት ልቀበላቸው? በይ አሁን መመሪያ አታንብቢብኝ።»

ቅዳሜ፣ እንግዶቹ ሊደርሱ ሲሉ፣ ማሞቂያው በይፋ ተለኮሰ። እሳቱ ከመስታወቱ ኋላ ሲውለበለብ ሀያቱ ፂማቸውን ዳሰስ ዳሰስ አደረጉ። ላስቲኩም ተራው ደርሶት መጨማደድ፣ መቅለጥ፣ መጥቆር ጀመረ። ቤቱ የተቃጠለ ጫማ ሸተተ። ይሄኔ ከደረጃው «አሰላሙ አለይኩም» የሚል ድምፅ ተሰማ።

ሰው ሲደነግጥ የሚያደርገውን አያውቅም ይባላል። ሀያቱ ግን በሚገባ አውቀው ውሃ የጠጣ ጨርቅ አነሱና የጋለውን መስታወት ይወለውሉት ጀመር።

«አባዬ ተው፣ ይሰነጠቃል» አለች ዱንያ።

«ጧ!» አለ መስታወቱ፣ ሐሳቧን በመደገፍ።

ከጥግ እስከ ጥግ ተሰነጠቀ። ሀያቱ ጨርቁን እንደያዙ ክው አሉ። አለቀ፤ ዝምድናው ቀረ፣ ከነገ ጀምሮ የመርካቶ መሳቂያ መሆናቸው ነው። እንባቸው መጣ።

ሐጂ ጃፋር ሽማግሌዎቻቸውን አስከትለው ገቡ። አየሩን አሸተቱ። ወደ ማሞቂያው ጠጋ ብለው ስንጥቁን በከዘራቸው ተከተሉት።

«ላስቲኩን ሳትልጥ ነው የለኮስከው?»

«አዎ ሐጂ» አሉ ሀያቱ አቀርቅረው።

«ከዚያ በእርጥብ ጨርቅ?»

«በእርጥብ ጨርቅ።»

የሐጂ ፊት በራ። «ማሻአላህ! የኛም ማሞቂያ ልክ እንዲሁ ነው የተሰነጠቀው። ሁዛይፋ ግን ብልህ ነው፤ ስንጥቁን በፕላስተር ለጥፎልን ይኸው እስካሁን እንሞቅበታለን። ጋብቻ ከአቻ ነው ሀያቱ። ከዚህ የሚመጥነን ቤት ከየት እናመጣለን?»

አላህ ሳይደግስ አይጣላም፤ ሀያቱ ከደስታ ብዛት የሚቀመጡበት ጠፋቸው። ሽማግሌዎቹ ሶፋው ላይ ተንኮሻኩሸው ተደላደሉ። ከዱአው በፊት ግን እንደ ወጉ ልጅቷ ትጠየቅ ተባለ።

ዱንያ መጀመሪያ የጋዙን ሲሊንደር ዘጋች። መስኮቱንም ከፈተች።

«ሐጂ፣ አክብረውን መጥተዋል፣ አላህ ያክብርዎት» አለች ዝቅ ብላ። «ግን እንዲህ ያለ ቤት ለአንድ ሰው አንድ ይበቃል፤ እኔ የአባዬ አለኝ።»