ጋሽ ወርቅነህ የዘጉት ቃል

በር የዘጋባችሁ ክፉ ሰው ከሆነ ነገሩ ቀላል ነው። ትሳደባላችሁ፣ ለጎረቤት ትናገራላችሁ፣ ጎረቤትም «ውይ፣ እሱማ የታወቀ ነው!» ይላችኋል፤ ወጣላችሁ ማለት ነው። የሚያስቸግረው ደግ ሰው የዘጋባችሁ ቀን ነው። ለእናንተው አስቦ፣ ለእናንተው ተጨንቆ የዘጋውን በር ምን ብላችሁ ትደበድባላችሁ? ብታንኳኩም በአንድ ጣት ነው፤ እሱም በትንሿ ጣት። እኔ እንዲህ ሳንኳኳ አራት ቀን ፈጀሁ። አራት ቀን ለእናንተ ምንም አይደለም። ለሃያ ቀን ሕፃን ግን የዕድሜው አንድ አምስተኛ ነው። ትምህርቴን ያቋረጥኩት ከአምስተኛ ክፍል ነው፤ ይቺን ሒሳብ ግን ያሰላኋት ራሴ ነኝ። የጨነቃት እናት ሒሳብ አያቅታትም።

ደጉ ሰው አከራያችን ጋሽ ወርቅነህ ናቸው። መካኒሳ አቦ፣ ግቢያቸው ውስጥ ያለችው ሰርቪስ ቤት ውስጥ ነው የምንኖረው፤ ከእነሱ ቤት ጋር የሚለየን አንድ ግድግዳ ነው። ባለቤቴ ክፍለ ሀገር መንገድ ሥራ ላይ ግሬደር ይነዳል፣ ልጃችን በተወለደ በሳምንቱ ወደ ሥራው ተመለሰ። እናቴ ደግሞ ሆሳዕና እግሯን ታማ ተኝታለች። ስለዚህ አራስ ቤቱ ውስጥ የቀረነው እኔ፣ ልጄና ጭንቀቴ ነን። ከሦስታችን በደንብ የሚበላው ጭንቀቴ ብቻ ነበር።

ልጄ ጡት አልይዝ አለ። ይይዛል፣ ይለቃል፣ ያለቅሳል፤ እኔም አብሬው አለቅሳለሁ። የሰፈር ሴት ሁሉ መጥታ መክራኛለች። አንዷ አብሽ ጠጪ ትላለች፣ አንዷ አጥሚት፣ አንዷ ደግሞ «ወተትሽ ቀዝቅዞ ነው፣ ጀርባሽን ሸፍኚ» ብላኝ ሄደች። ምንም ያላሉኝ የጋሽ ወርቅነህ ባለቤት እትዬ ዘውዴ ብቻ ናቸው። ጡረታ የወጡ የእንግሊዝኛ አስተማሪ ናቸው፣ ልጅ አልወለዱም። ገንፎ ሠርተው በራፌ ላይ አስቀምጠው፣ አንኳኩተው፣ በሩን ሳልከፍት ይሄዳሉ።

በአሥራ ሰባተኛ ቀኑ፣ ሰኞ፣ ልጄን ጤና ጣቢያ ወስጄ ሲመዘን ሲወለድ ከነበረው ክብደት ቀንሶ ተገኘ። ሲስተሯ ረጋ ያለች ልጅ ናት፣ አልተቆጣችኝም። «ወተት አለሽ፤ ችግሩ አያያዙ ላይ ነው፣ ይስተካከላል። የዛሬ ሳምንት አምጪው። ካልጨመረ ግን ሆስፒታል እንልከዋለን» አለችኝ። ከዚህ ሁሉ የሰማሁት የመጨረሻዋን ብቻ ነው።

ከዚያ ስልኳን አውጥታ አንድ ገጽ አሳየችኝ። አንዲት አዋላጅ በአማርኛ እየተናገረች፣ ሕፃን እንዴት እንደሚታቀፍ፣ አፉ እንዴት እንደሚከፈት በቪዲዮ ታሳያለች። «ማንበብ አያስፈልግሽም፣ ሥዕሉን መንካት ነው» ብላ የገጹን ስም በእንግሊዝኛ ፊደል ብጣሽ ወረቀት ላይ ጻፈችልኝ፤ ስልኬም ላይ አስገባችልኝ። እሷ እስከ ሰኞ ለክትባት ሥራ ወደ ሌላ ቦታ ትወጣለች። ወረቀቷን እንደ መድኃኒት ማዘዣ ጨብጬ ቤቴ ገባሁ።

ቤት ስደርስ ገጹ አልከፈት አለ። ክቧ ነገር ትሽከረከራለች፣ ትሽከረከራለች፣ ከዚያ ሁሉም ነገር ነጭ ይሆናል። ዋይፋዩን አጥፍቼ በስልኬ ዳታ ስሞክር ተከፈተ፤ ግን አዋላጇ ሰላምታዋን ሳትጨርስ ቪዲዮው ዳታዬን በሁለት ጉርሻ ዋጠው። ልጄ እንደዚያ ቢበላልኝ ብዬ ቀናሁ። ባለቤቴ ብር እስኪልክልኝ ሌላ ዳታ የምገዛበት አልነበረኝም።

ዋይፋዩ የጋሽ ወርቅነህ ነው። እሳቸው የስልክ ቤት ጡረተኛ ናቸው፤ በወጣትነታቸው በአንድ የክፍለ ሀገር ከተማ፣ ሰው ስልኩን አንስቶ «የእከሌን ቤት ስጡኝ» ሲል መዝገብ አይተው፣ ገመድ ሰክተው ያገናኙ ነበር። የዋይፋይ ሳጥኑንም በዚያው ማዕረግ ነው የያዙት፤ ሳሎን ውስጥ ዳንቴል ተነጥፎለት ከፍ ብሎ ተቀምጧል። ልጄ ሲወለድ «አራስ ብቻዋን ምን ትሆናለች» ብለው፣ ሳልጠይቃቸው መጥተው ፓስወርዱን አስገቡልኝ። ባለቤቴ ልጁን በየቀኑ በቪዲዮ የሚያየው በእሳቸው ደግነት ነው። እንግዲህ እኚህን ሰው ነው «ዋይፋይዎ እምቢ አለኝ» የምላቸው። ያውም ምን ላይበት?

እዚህ ላይ የምታውቁትን ነገር ልንገራችሁ። እኛ አገር ማጥባት ነውር አይደለም። ታክሲ ውስጥ አውጥተን እናጠባለን፣ ማንም ዞር ብሎ አያየንም። ማድረጉ ምንም አይደለም፤ ጭንቁ ስሙን መጥራት ነው። አባቴን የሚያህሉ ሰው ፊት ቆሜ «ጋሽ ወርቅነህ፣ ጡት…» ከምል፣ ለቡ መብራት ኃይል ድረስ በእግሬ ብሄድ ይሻለኛል። በአራስ ጉልበቴ።

ሰኞ «ዋይፋዩ አልሠራ አለኝ» ብቻ አልኳቸው። ደስ አላቸው። ጡረተኛ የተበላሸ ነገር ሲያገኝ ፊቱ ይበራል። ሳጥኑን አጥፍተው አበሩ፣ ገመዱን ነቅለው ሰኩ፣ ከዚያ ስልኬ ላይ የዜና ገጽ ከፈቱ። ከች አለ። «ይኸው!» አሉኝ። «እግዜር ይስጥልኝ» ብዬ ወጣሁ። ምን ልበል?

ማክሰኞ ትንሽ ደፈርኩ። «አንድ ገጽ ብቻ ነው እምቢ የሚለኝ።»

«የምን ገጽ?»

«የጤና።»

እሳቸው የሚከታተሉትን የደም ግፊት ገጽ ከፈቱ። እሱም ከች አለ። ቁጭ ብለን ስለ ጨው አንድ ሙሉ ትምህርት ሰማን። ጨው መቀነስ እንዳለብኝ አውቄ፣ የሚያለቅስ ልጄን ታቅፌ ተመለስኩ።

ረቡዕ ዕለት ጋሽ ወርቅነህ ራሳቸው ወንበር ስበው አስቀመጡኝ። «ስሚ ልጄ፣ ይሄ ሳጥን እንደ ድሮው እኔ ነው። ስልክሽ የምትፈልጊውን ገጽ በስሙ ይጠራል። ሳጥኑ የስሙን ቁጥር ጠይቆ ያገናኛል። በሩ ላይ ደግሞ ዘበኛ አለ፤ ፋየርዎል ይሉታል። አታሳልፍ ያልኩትን ይመልሳል። አሁን ቁጥሩ ጠፍቶ ይሁን ዘበኛው መልሶት፣ ይሄን ለማወቅ የገጹን ስም ማወቅ አለብኝ።»

«የጤና ነው…»

«የምን ጤና?»

«የእናት… የልጅ… እንዲሁ የጤና።»

መነጽራቸውን አወለቁ። «ልጄ፣ ስንት ዓመት ሰው ሳገናኝ ኖርኩ። የሚፈልገውን ስም ያልነገረኝን ሰው ግን አገናኝቼ አላውቅም።»

አንገቴን ደፍቼ ወጣሁ። ሐሙስ ጠዋት የልጄ ለቅሶ ቀጠነ። እስከዚያን ቀን ጩኸቱ ነበር የሚያስፈራኝ፤ ለካ የሚያስፈራው ጩኸቱ ሲቀንስ ኖሯል። ያን ጊዜ እፍረቴ ምን እንዳለ አልሰማሁትም። ልጄን አዝዬ፣ የሲስተሯን ወረቀት ወስጄ፣ ጋሽ ወርቅነህ እጅ ላይ አስቀመጥኩና ዓይኔን ጣሪያው ላይ ሰቀልኩ።

አነበቡ። መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉ። እንደገና አነበቡ።

«ማናት የጻፈችልሽ?»

«የጤና ጣቢያዋ ሲስተር።»

«እህ» አሉና ከመሳቢያ ደብተር አወጡ። ጉዱን ያወቅኩት ያኔ ነው። ጋሽ ወርቅነህ ዋይፋዩን ለተከራይ ከመልቀቃቸው በፊት፣ ክፉ ነገር ወደ ግቢያችን እንዳይገባ ብለው፣ የእትዬ ዘውዴን ትልቁን የእንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት ከፊታቸው ዘርግተው፣ ከመጀመሪያው ፊደል ጀምረው ነውር የመሰላቸውን ቃል ሁሉ እየለቀሙ ለዘበኛው ሰጥተዋል። ስሙ ውስጥ አንዱ ቃል ያለበት ገጽ አያልፍም። ዐቢይ ጾምን ሙሉ ነው የፈጀባቸው። አስቡት እንግዲህ፤ ሰው በጾሙ ሥጋና ቅቤ ሲተው፣ እኚህ ቅዱስ ሰው ስለኛ ብለው ሁዳዴን ሙሉ ብልግና ሲለቅሙ ከረሙ።

«እዚህ ስም ውስጥ አንድ ቃል ገብቷል» አሉኝ ደብተሩን እያዩ።

«የምን ቃል?» እንግሊዝኛ አላውቅም፤ ከልቤ ነው የጠየቅኩት።

«የ… የልጁ…» ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «የልጁ ምሳ ዕቃ።»

ምሳ ዕቃ? የሃያ ቀን ልጅ የምን ምሳ ዕቃ አለው? ፊታቸውን አየሁ፤ በርበሬ መስሏል። ያን ጊዜ ገባኝ።

«ጡት ነው የሚሉኝ፣ ጋሽ?»

«እሱን ነው» አሉ ለግድግዳው።

አልኩት። ጣሪያውም አልወደቀም፣ እሳቸውም አልወደቁም። አራት ቀን ሙሉ እኔ ከዚህኛው ወገን፣ እሳቸው ከዚያኛው ወገን ሆነን የሸሸነው ቃል ይሄው ነው፤ ልጄ የሚሞትለት ቃል።

«ጥፋቱ የኔ ነው» አሉ ጋሽ ወርቅነህ፤ እንዲህ የሚል ትልቅ ሰው ስንት ጊዜ አይታችሁ ታውቃላችሁ? ስልካቸውን ከፍተው ቃሉን ከዘበኛው ዝርዝር ሰረዙት። ሞከርኩ። አሁንም ነጭ! ስልኬን ዘረጋሁላቸው። እሳቸው ግን አልደነገጡም። «ስልክሽ የበፊቱን እምቢታ ይዞ ነው። አንዴ ‹የለም› ስለተባለ ደግሞ አልጠየቀም። ፍላይት ሞድ አድርጊና መልሺው።» አደረግኩት። ተከፈተ። የስልኬ ድምፅ መጨረሻው ላይ ኖሮ አዋላጇ ሳሎኑን ሞልታ ያን ቃል በአንድ ትንፋሽ ሦስት ጊዜ ጠራችው። ጋሽ ወርቅነህ ዞረው የሳጥኑን መብራቶች አንድ በአንድ ይቆጥሩ ጀመር።

ወዲያው ግን ስልካቸው ላይ አቀረቀሩ። ዘበኛው የመለሰውን ሁሉ መዝግቦ ይይዛል፤ ሌላ የቀረ ክልከላ እንዳለ ለማየት መዝገቡን ከፍተው ነበር።

«ይሄ ያንቺ ነው፤ ሰኞ፣ ማክሰኞ፣ ረቡዕ። ይሄኛው ግን ካንቺ ይቀድማል። ገጾቹ ልዩ ልዩ ናቸው፣ ቃሉ ግን ያው ነው። አንዱ ሲከለከል ሌላ፣ ሌላው ሲከለከል ሌላ…» ጣታቸው ወደ ታች እየወረደ ቆመ። «የዘውዴ ስልክ ነው።»

እትዬ ዘውዴ ከኩሽና ተጠሩ። የሽንኩርት ቢላ እንደያዙ መጥተው ስክሪኑን አዩ፣ እኔን አዩ፣ ከዚያ ቢላውን አዩ።

«ሲያለቅስ በግድግዳው ይሰማኛል» አሉ። «እኔ አልወለድኩ፣ ምን ብዬ ልምከራት? የወለዱት ይስቁብኛል። አንብቤ፣ አጥንቼ፣ በደንብ ሳውቀው እነግራታለሁ አልኩ። የከፈትኩት ሁሉ እምቢ አለኝ። ይሄ ነገር ያልወለደችውን ለይቶ ያውቃል ማለት ነው ብዬ ተውኩት።»

ጋሽ ወርቅነህ መዝገቡን ዘጉት። እኔ ደግሞ ለእትዬ ዘውዴ የማልናገረው ነገር ነበረኝ፤ ለእናንተ ግን ልናዘዝ። አንዲት ጎረቤት «ያልወለደች ሴት ዝም ብላ ካየችው ጥሩ አይደለም» ብላ በጆሮዬ ሹክ ብላኝ ነበር። እኔም ሰምቼ፣ እትዬ ዘውዴ ባለፉ ቁጥር የልጄን ፊት በነጠላዬ ሸፍኜዋለሁ። እሳቸው በዚያው ሰዓት ግድግዳ ለግድግዳ ሆነው ስለ ልጄ በር እያንኳኩ ይመለሱ ነበር።

ልጄን ከጀርባዬ አውርጄ «እትዬ፣ ቪዲዮውን ይያዙልኝ» ብቻ አልኩ።

ጋሽ ወርቅነህ ወደ ግቢው ወጡ። እትዬ ዘውዴ ቢላውን አስቀምጠው፣ እጃቸውን ታጥበው፣ ስልኩን እንደ አስተማሪ ፊቴ ዘረጉ። አንዱን ቦታ አምስቴ እየመለሱ አሳዩኝ። «ትራሱን ከፍ። ሆዱ ወደ ሆድሽ። አይ፣ አይ፣ አንቺ አትጎንበሺ፣ እሱ ይምጣ። አፉን እስኪከፍት ጠብቂ… ጠብቂ እንጂ! አሁን!» ልጄ ያዘ። አልለቀቀም። ጸጥ ሲል የመዋጡ ድምፅ ተሰማን፤ ትንሽ ድምፅ ናት፣ ቅ፣ ቅ፣ ቅ የምትል። ሁለታችንም ትንፋሻችንን ይዘን ሰማናት።

«ሠራ?» አሉ ጋሽ ወርቅነህ ከውጭ።

«ሠራ!» ብለው እትዬ ዘውዴ እየጮሁ መለሱ፤ ከዚያ ፊታቸውን በመቀነታቸው ጠረጉ። ሽንኩርቱ ነው አሉ።

እስከ ሰኞ በየሁለት ሰዓቱ መጡ። ጋሽ ወርቅነህም ደብተሩን ይዘው መጥተው ለእትዬ ዘውዴ ሰጧቸው፤ «ለሰው የሚጠቅም ቃል ካለበት ሰርዢው» ብለው ጀርባቸውን ሰጥተው ቆሙ። እትዬ ዘውዴ በቀይ እስኪሪብቶ ሃያ ያህል ሰረዙ። ጋሽ ወርቅነህ የትኞቹ እንደሆኑ አልጠየቁም።

ሰኞ ከእትዬ ዘውዴ ጋር ጤና ጣቢያ ሄድን። ልጄ ሚዛኑ ላይ ሲቀመጥ ዓይኔን ጨፈንኩ። ሲስተሯ ቁጥሩን ጠራች፤ ጨምሯል፣ ያውም የወረደውን መልሶ አልፎታል። እትዬ ዘውዴ አላመኑም፤ «እስቲ አንዴ ድገሚው» አሏት፣ ተማሪዋ ይመስል። ሲስተሯ ሳቀችና ደገመችው። ሆስፒታል መሄድ ቀረ። «አያቱ ነዎት?» ብላ ጠየቀቻቸው።

እትዬ ዘውዴ የልጁን መጠቅለያ ያስተካክሉ ጀመር።

«አዎ» አልኩ እኔ። «ናቸው።»

ከጤና ጣቢያው እስከ ታክሲው ሰልፍ ልጁን እሳቸው ያዙት፣ ፊቱን ገልጠው፣ ለመጣው ለሄደው እያሳዩ። እኔ እጄን የት እንደማደርገው ጠፋኝ። እንዲሁ ቆሜ ሳለ አንድ ነገር ሆዴን ቆረጠኝ፤ ደነገጥኩ። ለካ ርቦኝ ነው። ከወለድኩ ጀምሮ እንዲህ ርቦኝ አያውቅም። ሰልፉ አጠገብ አንዲት ሴት ትኩስ ሳምቡሳ ታወጣ ነበር፤ ሁለት ገዝቼ ቆሜ በላሁ። ልጄን ማን ያዘው ብዬ አንዴም ዞር አላልኩም።