ወደ ኋላ የሚሄድ አሠልጣኝ

ጫማውን የሰቀለ ተከላካይ አሠልጥኗችሁ ያውቃል? እኔ ሊንውድ በምትባል ከተማ ውስጥ አንዱ እጅ ላይ ወድቄያለሁ። የበረዶ ሆኪ ተከላካይ ሆኖ ያረጀው ይህ ሰው፣ ለእኛ ለጎልማሳ ጀማሪዎች ያለው ትምህርት አንድ ነው፤ ወደ ኋላ እየተንሸራተትክ ዓይንህን ከፊትህ ካለው ሰው አትንቀል። ስወድቅ «ድገመው» ይለኛል። እኔም እልኸኛ የኤርፖርት ሹፌር ነኝና ሦስት ወር ሙሉ እየወደቅኩ ደገምኩት።

ባለፈው ቅዳሜ ከልምምድ በኋላ አሠልጣኙ መኪናውን ወደ ኋላ ሲያወጣ፣ በዚያው ልማዱ ፊት ፊቱን እያየ ሄዶ የቆሻሻ ገንዳውን ገጨው። ገንዳ መቼም ተጫዋች አይደለም፣ ገለል አይልም። ወርዶ የመኪናውን የኋላ መከላከያ አየና አንገቱን ደፋ። ታዲያ ዝም ልበለው? መንዳት የኔ ሙያ ነው። ከኋላው ቆሜ እጄን ዘረጋሁና፣ «ሶ፣ ኮች፣ ወደ ኋላ እያየህ ድገመው» አልኩት።