በእጄ የተከልኩት ጽድ

ዛፍ ተክላችሁ ታውቃላችሁ? ችግኝ ይዞ ፎቶ መነሣት አላልኩም። እኛ የጎንደር ቢሮ ሠራተኞች በየክረምቱ ከፀዳ ከተማ በላይ ወዳለው ተራራ በአውቶብስ እንወጣለን፤ ሌላ ሰው በቆፈረው ጉድጓድ ችግኝ ከትተን፣ ፎቶ ተነሥተን ለምሳ እንወርዳለን። የሰው አገር ደን ሲቃጠል በቴሌቪዥን ካየን ደግሞ «ምናለ እንደኛ ቢተክሉ» ብለን እናዝንላቸዋለን።

እኔማ ከሁሉም እበልጣለሁ፤ ከሰባት ዓመት በፊት የተከልኩት ጽድ አድጎልኛል። በየዓመቱ እየሄድኩ ግንዱን መታ መታ አደርገዋለሁ። ዘንድሮ አማቴ ከአይከል ሲመጡ፣ ልጃቸውን ለምን ዓይነት ሰው እንደዳሩ ይወቁ ብዬ ይዣቸው ወጣሁ።

«ይኸው፣ በእጄ የተከልኩት ጽድ» አልኳቸው።

አማቴ ገበሬ ናቸው። ሰፊውን ቅጠል ዳሰስ አድርገው እኔን አዩኝ። «ልጄ፣ ይህ እኮ ዋንዛ ነው።»

የተራራው ጠባቂ አያ ደሴ ራሳቸውን አከክ አከክ አደረጉ። «ያንተማ ጽድ ጥቅምት ሳይወጣ ደረቀ። ከነላስቲኩ ነበር የቀበርከው። ጉድጓዱ ባዶውን ከሚቀር ብዬ ዋንዛ ተከልኩበት።»

አማቴ እየሳቁ ጥላው ሥር ተቀመጡ። እኔም ተቀመጥኩ፤ የት ልሄድ? እውነት ለመናገር ጥላው ሸጋ ነው።

«ምነው አያ ደሴ፣ ይህን ሁሉ ዓመት ሳይነግሩኝ?»

«ብነግርህማ» አሉ፣ «ሌላ ትተክል ነበር።»