ክቡር ዶክተር ይመስላል

በየሰፈሩ ቁርጡን የማይናገር አንድ ሰው አይጠፋም። «መጣ?» ስትሉት «ሳይመጣ አይቀርም»፣ «ሞተ?» ስትሉት «እንደዚያ ይባላል» የሚል። የእኛ ሰፈሩ ግን ይህንኑ ሙያ አድርጎታል። የራጅና የኑክሌር ሕክምና ሐኪም ነው፤ ግድግዳ የምንጋራ ጎረቤቴ። «ክቡር ዶክተር ይመስላል» እንለዋለን። ሰምቶ «እኔን ማለታቸው ይመስላል» አለ አሉ።

አንድ ቀን ጣሪያዬ ሲያፈስ ጠርቼ አሳየሁት። መነጽሩን ወደ ግንባሩ ገፍቶ ሲያይ ቆየና «ውሃን የሚመስል ነገር ይታየኛል» አለኝ። ጠብታው አፍንጫው ላይ እያረፈ! ሚስቱ ሻዩ ስኳር በዝቶበት እንደሆነ ስትጠይቀው «ሁለተኛ ስኒ ሳላይ መወሰን ይከብደኛል» ይላል። «ለጋብቻ ሲጠይቀኝም ‹የምወድሽ ይመስለኛል› ነው ያለኝ» ትላለች፤ እሷስ መች አጣችው። እኔ ግን ነገር ቶሎ እንዲቆረጥ የምፈልግ ሰው ነኝና ያንገበግበኝ ነበር።

ታላቅ እህቴ የጡት ካንሰር ታክማ ድናለች ከተባለ በኋላ ጎኗን ያማት ጀመር። ወደ እሱ ክፍል ተላከች። ጨረር ያለው መድኃኒት በደም ሥሯ ሰጥተው፣ አጥንቷ ውስጥ እስኪገባ ጠብቀው፣ መላ አካላቷን አነሷት። ምስሉ ላይ፣ አንድ የጎን አጥንቷ ላይ፣ ጥቁር ነጥብ ወጣ።

«ተመልሶ ነው አይደል? ቁርጤን ይንገሩኝ» አለች እህቴ።

ክቡርነታቸው ወንበር ስበው አጠገቧ ተቀመጡ።

«እትዬ፣ በቅርቡ ወድቀው ነበር?»

«ኧረ የለም።»

«የመታዎት ነገርስ? በር? አልጋ?»

«አልመታኝም አልኩዎት እኮ!»

«ሳል ይዞዎት ነበር?»

«ዶክተር፣ በሞቴ፣ አይሸፋፍኑልኝ።»

ይሄኔ ደሜ ፈላ። «አንተ ሰው፣ ምን ታሰቃያታለህ? ያየኸውን ተናገር!» አልኩት። ዞር ብሎም አላየኝ።

«ከባድ ነገር አንስተው? ጎንበስ ብለው?»

እህቴ ጎኗን ዳሰስ አደረገች። «ጎንበስስ ብዬ ነበር። በርሜል ውስጥ የገባ ጆግ ላወጣ ስል ጠርዙ እዚህ ጋ ተጫነኝና ቀጭ አለ። ይሄም ነገር ሆኖ ይወራል?»

ብድግ ብሎ፣ ራሱ ደግፎ፣ ሲቲ ስካን ክፍል አስገባት። ለካ እንዲህ ያለ ነጥብ የተሰበረ አጥንት ሲጠገንም ይወጣል። ለካ ሰውየው ቃሉን የሚቆጥበው ፈሪ ሆኖ አይደለም፤ ከአፉ የወጣች አንዲት ቃል ሰው ቤት ገብታ እንደምትከርም ስለሚያውቅ ነው። እዚያ ኮሪደር ላይ ቆሜ፣ እውነቴን ነው፣ ወደድኩት።

ተመልሶ መጣ። ፊቱ ላይ ምንም አይነበብም። «የስብራቱ መስመር ይታያል፤ እየገጠመም ነው። ካንሰሩ የተመለሰ አይመስልም። ለማንኛውም ከጥቂት ወራት በኋላ ደግመን እናያለን» አለ።

እህቴ ክንዴን ጨምድዳ ያዘች። «አይመስልም ማለት ምን ማለት ነው?»

«እታለም፣ ይሄ ሰውዬ ‹አይመስልም› ካለ፣ ማለልሽ ማለት እኮ ነው!» አልኳት።

እያለቀሰች ሳቀች፤ ወዲያው ጎኗን ያዘች። «ኧረ አታስቀኝ፣ ያመኛል!» እያለች፣ እስከ መኪናው ድረስ ስትስቅ ሄደች።