ግራው የማይናገር ሄድፎን

ትናንት ሌሊት በሕልሜ ለረድኤት ሄድፎን ልመርጥ ገበያ ወጣሁ። ሕልም ከማወራ ሰው ብሰድብ ይሻለኛል፤ ይኼኛው ግን ካልወጣልኝ ያንቀኛል።

ረድኤት የልጄ የአሰለፈች ልጅ ናት። ኮምፒውተር ላይ ዘፈን ስትሰማ፣ ጌም ስትጫወት ትውላለች። ባለፈው እኔ ቤት መጥታ ሄድፎኗን ወንበር ላይ ትታው ተቀመጥኩበትና ተሰበረ። የሰበርኩትን የምተካ ሴት ነኝ። "መርጬ የምገዛልሽ ራሴ ነኝ" አልኳትና ትናንት በቀን፣ በእውኑ ዓለም፣ ተያይዘን መገናኛ ሄድን። ስድስት ሄድፎን ጆሮዬ ላይ አደረግሁ። የስድስቱም ቀኙ ይዘፍናል፣ ግራው ጭጭ። "ግማሹ የሞተ ዕቃ ለሰው ትሸጣለህ? እግዜርን አትፈራም?" ብዬ ሻጩን አዋረድኩት። ረድኤት ስድስተኛውን ከራሴ ላይ አውልቃ አደረገችው። ቀኙንም ግራውንም ሰማች። ከዚያ ግራ ጆሮዬን ትኩር ብላ አየችው። ሳንገዛ ተመለስን።

ያኔ ነው ልቤ የወደቀው። ግራ ጆሮዬ ከሞተ ሁለት ዓመቱ ነው። ለነፍስ አባቴ እንኳ አልነገርኩም። ታክሲ ውስጥ መስኮቱን በግራዬ አደርጋለሁ፤ ቤተ ክርስቲያን ግድግዳውን በግራዬ አደርጋለሁ፤ ዕድር ስብሰባ ላይ ሰው ሁሉ በቀኜ እንዲሆን ጥጓን እይዛለሁ። አሰለፈች አንድ ጊዜ ምላ ነግራኛለች፦ "እማዬ፣ ጆሮሽ የደከመ ዕለት እዚህ ጉለሌ ብቻሽን በር ቆልፈሽ አታድሪም። ጀሞ ነው፣ አራተኛ ፎቅ፣ እኔ ጋ።" አርባ ሦስት ዓመት የኖርኩበትን ቤት ጥዬ ደረጃ ለደረጃ ልሙት? ረድኤት ለእናቷ እንዳትናገር እየተሳልኩ ተኛሁ።

በሕልሜም ያው መገናኛ ነው። ሻጮቹ ፀሐይ ላይ ተሰልፈዋል፤ ገዢዎቹ ሱቅ ውስጥ ተቀምጠው ይቆጧቸዋል። ትናንት ያዋረድኩት ሻጭ ሰልፉ ጫፍ ላይ ቆሞ ላቡን ይጠርጋል።

"እማማ፣ እባክዎ ዕቃዬን ይዩልኝ፤ ከጠዋት ጀምሮ ቆሜያለሁ።"

"ነገ ተመለስ፣ ኃላፊው ስብሰባ ላይ ነው" አልኩት። ከአፌ እንዴት እንደወጣ አላውቅም። ደስ ግን አለኝ።

ደስታዬ ከበሩ አላለፈም። ውስጥ ግድግዳው ላይ የተሰቀለው ሄድፎን አይደለም፤ ጆሮ ነው። ጥንድ ጥንዱን በሚስማር። ሄድፎኖቹ እግር ሳይኖራቸው እግራቸውን አነባብረው ሶፋ ላይ ተቀምጠዋል፤ ጆሮ ይመርጣሉ። አንዷ፣ ትራሷ ለስላሳ የሆነ እመቤት፣ "ለእኔ ዘፈን የሚገባው ጆሮ አምጡልኝ፤ ክራሩን ከማሲንቆው የሚለይ" ትላለች። ሌላዋ "የአሮጊት አታምጡብኝ፣ ጉትቻው ይወጋኛል" ትላለች። ገመድ የሌለውን አንዱን "እንደምን ዋልክ?" አልኩት። ዝም አለኝ። የስድብ ዓይነት አወረድኩበት፤ ሱቁን አንድ ጊዜ ዞሬ ስመለስ "እግዚአብሔር ይመስገን" አለኝ። ገመድ ስለሌለው ስድቡም የደረሰው ከዚያ በኋላ ነው፤ ሲቀየም ሌላ ሰው እያናገርኩ ነበር።

መሀል ላይ አንድ ትልቅ ጥቁር ሄድፎን ተጎልቷል። ማይኩ ከአፉ እንደ ጦር ወጥቷል።

"እኔ የጌም ነኝ" አለኝ። "ዘፈን ግማሹን ባትሰሚው ግማሹ ይቀርሻል፣ በቃ። እኔ ጋ ግን ከኋላ የሚመጣ ኮቴ በግራ ይሁን በቀኝ ያልለየ ይሞታል። ስንት ጆሮ አለሽ?"

"ሁለት" አልኩ፣ አንገቴን ቀና አድርጌ።

"የሚሠራውን ነው የጠየቅኩሽ።"

"ሁለት አልኩህ!"

"ይመርመር" አለ።

መርማሪው አህያ ነው። ነጭ ጋውን ለብሷል፤ መነጽሩ አፍንጫው ጫፍ ላይ ነው፤ ጆሮዎቹ ጣሪያ ይነካሉ።

"ተቀመጪ" አለኝ።

"አንቺ? ለእኔ? ስንቱን አህያ ጭኜ ነድቻለሁ!"

"ዛሬ የምትጫኚው አንቺ ነሽ" አለና በጆሮው ገፍቶ አስቀመጠኝ።

አሰለፈች መጣች። እናቴ ሆናለች። የእኔን ነጠላ አጣፍታለች። እኔ የተማሪ ዩኒፎርም ለብሼ ወንበሩ ላይ ተሰቅያለሁ፣ እግሬ መሬት አይደርስም። ትምህርት ቤት ደጁን ሳልረግጥ አርጅቼ በሕልሜ ዩኒፎርም!

"እውነቱን ንገሪው፣ አልቆጣሽም" አለችኝ። ልጅ ሳለች እኔ እላት የነበረውን፣ ቃል ሳታጓድል። እንደምትቆጣ አውቃለሁ፤ እኔም ሁልጊዜ እቆጣ ነበር። አህያው ወረቀት ዘረጋላት። "ከሳተች አራተኛ ፎቅ" አለ። ፈረመች። ብዕሩ ወረቀቱን ሲቧጥጠው በቀኝ ጆሮዬ ሰማሁ።

ከዚያ ወገቤን ቆለመሙት። እንደ ሄድፎን ቅስት አደረጉኝና ረድኤት ራስ ላይ ሰኩኝ። ቀኝ መዳፌ ቀኝ ጆሮዋን፣ ግራ መዳፌ ግራ ጆሮዋን ሸፈነ። ጌሙ ውስጥ ገብታ ነበር። ጠባብ መተላለፊያ ነው፣ መብራት የለውም፣ ግራና ቀኙ በር ብቻ። አንገቷ ሲንቀጠቀጥ እኔም አብሬ እንቀጠቀጣለሁ።

"እማማ፣ አንድ ሰው ከኋላዬ እየመጣ ነው። መጥረቢያ ይዟል። እኔ ምንም አልሰማም፣ ጆሮዬ አንቺ ነሽ። ከየት ነው የሚመጣው?"

አደመጥኩ። በቀኜ የልጅቷ ልብ ይመታል፣ ሌላ ምንም የለም። ግራዬ እንደ ደረቀ ጉድጓድ ነው። ኮቴው ግን ነበር፤ በአጥንቴ አወቅሁት። ወለሉን እያንቀጠቀጠ ይመጣል። ዱብ፣ ዱብ።

"እማማ! ከየት?"

አላውቅም የሚባል ቃል ከአፌ ወጥቶ አያውቅም።

"በቀኝ ነው!" አልኩ።

ከቀኝ ሸሽታ ወደ ግራ ሮጠች። ዱብታው ቀረበ። የመጥረቢያው ንፋስ ግራ ጉንጬን ሲነካኝ ተሰማኝ።

"እርግጠኛ ነሽ አይደል?" አለችኝ እየሮጠች።

አህያው መነጽሩን ይወለውላል። አሰለፈች በነጠላዬ ጫፍ አፏን ሸፍናለች። ጥቁሩ ሄድፎን "ትሞታለች" አለ፣ ዝናብ ሊመጣ ነው እንደሚል ሰው።

"አልሰማሁም!" ብዬ ጮህኩ። "ግራዬ አይሰማም! ሞቷል፣ ሁለት ዓመቱ! ተመለሺ ልጄ፣ በግራ ነው ያለው!"

መጥረቢያው አየር ላይ ቆመ። ግድግዳው ላይ የተሰቀሉት ጆሮዎች ወደ እኔ ዞሩ። አህያው ከጋውኑ ኪስ ረጅም ጡሩምባ መዘዘ።

"ተመዝግቧል" አለና ነፋው።

ዓይኔን ገለጥኩ። ጡሩምባው አላባራም። ቀኝ ጆሮዬ ትራሱ ውስጥ ተቀብሮ ኖሯል፤ ቀና ስል ዓለም በአንድ ጊዜ ገባብኝ፤ ዋይታ፣ መዶሻ፣ የሰው ጋጋታ። ፀሐይዋ የአራት ሰዓት ናት። ደጅ ላይ የዕድራችን ጡሩምባ ነፊ ጌጡ ይለፍፋል፦

"ወይዘሮ ወርቅያንጥፉ አርፈዋል! ቀብር ዘጠኝ ሰዓት!"

ወርቅያንጥፉ እኔ ነኝ።

መወርወሪያውን ስቤ በሩን ከፈትኩ። ግቢው በሰው ሞልቷል። ያ ዱብታ የድንኳን ካስማ ሲመቱ ነው። አንዷ "በስመ አብ!" ብላ ተዘረረች። ጌጡ ጡሩምባውን ከጀርባው ደበቀ።

"አንተ ጌጡ! ማነው ያረፈው?"

"እማማ፣ አንድ ሰዓት ሙሉ በር ተደበደበ፤ በመስኮት ሲታዩ አፍዎ ተከፍቷል። በሩን የሚሰብር አናጢ እስኪመጣ ድረስ... ባለፈው ለቅሶ ዘገየህ ብለው በስብሰባ መሀል ስላዋረዱኝ፣ ዛሬ ቀደም ልበል ብዬ ነው።"

"ከእኔም ቀደምክ እኮ!"

አሰለፈች ድንኳኑ ሥር ቆማለች፤ ዓይኗ በርበሬ መስሏል። ረድኤት ነግራት ኖሮ፣ በማለዳ አብረው የመጡት ስለ ጆሮዬ ሊያነጋግሩኝ ነው። ረድኤት አንገቷ ላይ ሄድፎን አንጠልጥላለች፤ ትናንት ግማሹ የሞተ ካልኳቸው ከስድስቱ አንዱን፤ ለካ በኋላ ተመልሳ ገዝታዋለች።

"ጸሎት ላይ ነበርኩ" አልኩ።

የጎን ጎረቤቴ ተዋበች በቀኜ ዞራ መጣችና ክንዴን ያዘችኝ።

"ወርቄ፣ ተይ እንግዲህ። ግራሽን ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። ለዚያ አይደል ሁልጊዜ በቀኝሽ የምንቀመጠው?"

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል። እኔ ጥጓን የያዝኩ መስሎኝ፣ ለካ የሚተዉልኝ እነሱ ናቸው።

ሰዎቹ እያፈሩ ካስማውን መንቀል ጀመሩ።

"ተዉት!" አልኳቸው። "ድንኳኑ ይቁም። ከዚህ ቤት የምወጣው ሬሳ ሆኜ በእሱ ሥር ብቻ ነው!"

አሰለፈች መጥታ በግራዬ ቆመች። ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ፣ አራት ጣቷን ስታነሣ አየሁ። ረጅም ነገር ነው የተናገረችው፤ አንድም ቃል አልሰማሁም። ግቢው ሙሉ ሰው፣ ጌጡ ሳይቀር፣ ራሱን እየነቀነቀ ተስማማ።